ለመልሱ ሁለት በቅሎ

ኅዳር 3 ቀን 1963

…እና በሩ አጠገብ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ውጭ መልሳ፣ «እሱን ብቻ አንሣልኝ እንጂ እኔማ…» ስትል ነፋሱ በሩን ገጨው። የቀረውን አልሰማሁም። ወይም ሰምቼው ትኩሳቱ በልቶታል። ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሰው ድምፅ ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

ዛሬ ፊቴን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። ለምን ዛሬ?

ተስቦው ያረገፈው ጸጉሬ እየበቀለ ነው፤ እንደ ሕፃን ጸጉር ስስ። ሚስቴ አገርነሽ በመዳፏ ዳበሰችውና «እንደገና ተወለድህ እኮ» አለችኝ። አብረን ሳቅን። ሳቋን ያቋረጠችው ግን ቀድማኝ ነው።

ኅዳር 7

ከዳባት ጤና ጣቢያ መመለሴ ነው። ድሬሰሩ ዓይኔን ገልጦ፣ ምላሴን አይቶ፣ «ጨርሰህ ድነሃል» አለኝ። ቢሆንም ሥራ እንዳላበዛ፣ ከተቻለኝም ጥቂት ቀን ከቤት ወጣ ብዬ እንዳርፍ መከረኝ።

መንገድ ላይ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ። ለገና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአገርነሽ ጋር ወደ ሰሜን ተራራ መውጣት። እስከ ደባርቅ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ በሳንቃ በር አድርጎ እስከ አምባራስ። ማንም ሳይሞትብን፣ ማንም ሳይዳር፣ ጸበል ሳንፈልግ። ዝም ብሎ መሄድ። ስለደከመን ሳይሆን ስላማረን ማረፍ።

ለዳይሬክተራችን ለሀብተ ሚካኤል ነገርሁት።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም።»

«የርስት ክርክር አለብህ?»

«የለብኝም። ለማረፍ ነው።»

«ከምን?»

«ፈረንጆቹስ ዋልያ ሊያዩ ነው የሚወጡት» አለ ወደ ሌሎቹ መምህራን ዞሮ። «አንተ ዋልያውን ስታገኘው ምን ልትለው ነው? የቤት ሥራህን ሠርተሃል?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን እስከ ቤት ተከተለኝ። ከምን?

ኅዳር 9

ነገርኋት። እንቢ ትላለች ብዬ ብዙ ማባበያ አዘጋጅቼ ነበር። የምትፈትለውን አስቀምጣ፣ «አምባራስ ድረስ?» አለች።

«አምባራስ ድረስ።»

«መልካም።»

ይኸው ነው። መልካም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ክርስቶስ እኛ ዘንድ ዋሉ። ከምሳ በኋላ ከአገርነሽ ጋር ጓዳው ደጃፍ ላይ ዝግ ብለው ሲነጋገሩ ቆዩ። ስገባ ዝም አሉ። ወጥቼ እንደገና ገባሁ፤ እንደገና ዝም አሉ።

ሲሄዱ እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው።

«ላቀው።»

«አቤት አባ።»

«አገርነሽ በልቧ የያዘችውን ታውቃለህ።»

እየጠየቁኝ ይሁን እየነገሩኝ አልለየሁም።

«ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ቆብ አትደፋም። ደንቡ ነው። እኔም ካለ ፈቃድህ እሺ አልላትም» አሉ። «ፈቃድ ደግሞ ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው። ዝም ማለት አይበቃም። ማኩረፍም አይበቃም።»

«አባ» አልኋቸው፣ «ደባርቅ በበቅሎው የሚታመን ሰው ያውቃሉ?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«ያርጋል የሚባል አለ» አሉ በመጨረሻ።

ማታ። ከላይ የጻፍሁትን አነበብሁት። ቆብ የሚለው ቃል በገዛ እጄ ተጽፏል። እንግዲህ መነኩሲት ልትሆን ነው የምትፈልገው፤ ይህን አሁን ብቻ ነው የምጽፈው፣ አልደግመውም። ካልተናገርሁ አትሄድም። ዝም ማለት ደግሞ አያቅተኝም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝምተኛ እያለች ስትወቅሰኝ ኖራለች።

ስለ በቅሎ ማሰብ ይሻላል።

ኅዳር 19

ደባርቅ ደርሰን መጣን። ያርጋልን ገበያው ዳር ካሉት በቅሎዎች መሐል አገኘነው፤ ሲናገር አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ቀጭን ሰው ነው።

«አምባራስ? በማለዳ ከተነሣን በማግስቱ እንገባለን።»

«በአንድ ሳምንት ነው የምንፈልገው» አልሁት።

«ምነው፣ በሽተኛ አለ?»

«የለም።»

የአገርነሽን ሆድ ሰርቆ አየና መልሶ አፈረ። «ኧረ ያርጋል!» አለችው፣ «የልጅ ልጅ አይቻለሁ እኮ!» በቅሎ ነጂዎቹ ሁሉ ሳቁ።

«አይቆጡኝ እሜቴ። ነገሩ ግር ብሎኝ ነው። ሰው ለቀብር ይቸኩላል፤ ለሠርግም ይቸኩላል። ጌታው ምን ሆነው ነው የማይቸኩሉት?»

«ለማረፍ ነው።»

«በበቅሎ ላይ ተቀምጦ?»

ተስማማን። ጥር መባቻ ላይ ሁለት የምንቀመጥባቸው፣ አንዲት ለጓዝ። «ለመልሱስ?» አለ ያርጋል። ያው ነው አልሁት። ለመልሱም ሁለት በቅሎ። ደገምሁለት፦ ለመልሱም ሁለት በቅሎ። ቀብድ ሰጠሁትና ኮርቻ ይዩ ብሎኝ ከልጁ ጋር ወደ ቤቱ ላከኝ። ስመለስ አገርነሽ አንድ ነገር ስትነግረው፣ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ሲሰማት ደረስሁ።

«ምን አልሽው?»

«ጭምቷን ለእኔ ስጠኝ ነው ያልሁት።»

ለበቅሎ ባርኔጣ ይወለቃል?

ማደሪያውን እሷ ናት የያዘችው። ሳንቃ በር ከፓርኩ ጥበቃዎች ሰፈር። ከዚያ ወዲያ ከያርጋል አማት ቤት። አምባራስ ላይ ታንጉት ከሚባሉ ባልቴት ዘንድ።

«እሳቸውን በማን አወቅሽ?»

«አባ ናቸው የነገሩኝ።»

«ቤታቸው ይበቃናል?»

«ይበቃል» አለች። ይበቃናል አላለችም። እንዲህ ያለውን ነገር መልቀም ልተው።

ኅዳር 27

ፈተና ሳርም ዋልሁ። ጊዜ የለም። ጓሮ ገመዱ ላይ ቢጫ የተነከረ ነጠላ ተሰጥቶ አየሁ። ለመንገድ ነው፣ አቧራ አያሳይም አለች። ደህና ዘዴ ነው።

ታኅሣሥ 4

መንገዱን እንደገና አቀናሁት። በየመንገዱ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አስገባሁላት። እሷን ደስ ይላታል፤ እኛን ያዘገየናል። በእያንዳንዱ ማረፊያ ሰው «በቃን፣ እንመለስ» ሊል ይችላል። ብርዱ አለ፤ አልጋው አይመችም፤ የልጅ ልጅ ይናፍቃል። የማረፊያ ብዛት የመመለሻ ብዛት ነው። ለእሷ እንዲህ አላልኋትም፤ ዝርዝሩን ብቻ አነበብሁላት። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

«አንተ ሰው» አለችኝ፣ «እኔ እንኳ ይህን ያህል አላሰብሁትም። ሁሉንም ልሳለማቸው?»

ደስ አላት ብዬ ደስ አለኝ። ሻይ ስጠጣ ነው ሌላው የመጣብኝ፦ ሰው ሁሉንም የሚሳለመው መቼ ነው?

ታኅሣሥ 11

ልጃችን ማንጠግቦሽ ሕፃኗን አዝላ ከጎንደር መጣች። እናቷ የብር መስቀሏን አንገቷ ላይ አሰረችላት። ማንጠግቦሽ አልቀበልም አለች፤ ተቀበለች፤ አለቀሰች። እኔ ከሕፃኗ ጋር እጫወት ነበር።

መኪና እስኪመጣ ድረስ አብሬያት ቆምሁ።

«አባዬ፣ ይህን ሽርሽር ያሰበው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እማዬ አይደለችም?»

«እኔ ነኝ አልሁሽ።»

«እንግዲያስ አንተው መልሳት» አለችና ወደ መኪናው ወጣች። በመስኮት እጇን አላወዛወዘችም።

ታኅሣሥ 18

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አገርነሽ መደቡ ላይ ተኝታለች። በጾም ሁልጊዜም ለየብቻ ነው የምንተኛው፤ ከሠርጋችን ጀምሮ ደንባችን ነው፣ የሚያስገርም ነገር የለውም። ዘንድሮ ብቻ መደቡን ቀደም ብላ አነጠፈችው። መስከረም ላይ። ያኔ ገና ላብ ስለሚያጠምቀኝ ነው ብዬ ነበር።

ከሰው ጋር ቢሆን እጣላ ነበር። በሩን ቆልፌ፣ ድንጋይ ይዤ፣ ስሙን እየጠራሁ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ? እሑድ ጠዋት ተጎንብሼ ደጁን ስስም ምን ልበለው?

ያቺን የነሐሴዋን ዓረፍተ ነገር በስንት መንገድ እንደጨረስኋት አላውቅም። እኔማ እሞትልሃለሁ። እኔማ በየዓመቱ እዘክርሃለሁ። እኔማ ጧፍ አበራለሁ። ጧፍ ብትሆን ምን ነበረበት! በየወሩ እኔው እገዛላት ነበር። ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ አገርነሽ ዋሽታ አታውቅም። ስለዚህ አልጠይቃትም።

ስትገላበጥ ሰማኋት። «ላቀው፣ መብራቱን አጥፋና ተኛ። ለመንገዱ አቅም ያስፈልግሃል።»

ታኅሣሥ 22

ከምንጩ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ከአጥራችን ጀርባ እንስራቸውን አሳርፈው ያወራሉ።

«መምህሩ እኮ ራሱ ሊያደርሳት ነው አሉ።»

«ውይ! እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? የእኔው ቢሆን እግሬን ይሰብረኝ ነበር።»

ዳባት ብዙ መምህራን አሉ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮ ወጡን ሠራች፤ አቀረበች፤ ጎረስሁ። እሷ አላሰኘኝም ብላ ሽሮዋን በላች። ጾሙ ተፈቷል። መደቡ አልተነሣም።

ጥር 1

ደባርቅ ገባን። ብርድ። ያርጋል «በዝግታ የሚሄዱት እንግዶቼ መጡ!» ብሎ ለገበያው ሁሉ አስታወቀ። ሦስቱም በቅሎዎች አሉ። ሁሉም እንደታሰበው ነው።

ጥር 4፣ ሳንቃ በር

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። የጥበቃው ሰው ጠመንጃውን እንደተሸከመ መጥቶ ምን ልናይ እንደመጣን ጠየቀን። «እኛ ምንም አናይም፣ እናርፋለን» አለችው አገርነሽ። እሱም «እዚህ እኮ እኔም ዓመቱን ሙሉ አርፋለሁ፤ ሚስቴ ናት አላምን ያለችኝ» አላት።

ረፋዱ ላይ ገደሉ አፋፍ ተቀመጥን። ከሥራችን ደመና፤ ከፊታችን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። «የእኛን ሰፈር ሴቶች ይመስላሉ፤ እጃቸውም አፋቸውም አያርፍም» አለች። ከልቧ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ዕረፍቱ ሠራ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ምናልባትም ያ ተስፋ ነው ያሳተኝ፤ ሳላስበው ጠየቅኋት።

«ነሐሴ ላይ በሩ አጠገብ ቆመሽ የጸለይሽው…»

«ሰምተህ ነበር?»

«ግማሹን።»

«ግማሹ ያንተ ነው። አንተን ከአልጋ እንዲያነሣልኝ ነበር። የቀረው የእኔ ነው። እኔማ ቀሪ ዘመኔን ላንተ እሰጣለሁ ነው ፈጣሪዬን ያልሁት። ተሳልሁ። በማግስቱ ውሃ ጠጣህ።»

«እኔ አልተሳልሁም።»

«አንተማ ተኝተህ ነበር።»

«እኔን ለማትረፍ ብለሽ እኔኑ ትተሽኝ ልትሄጂ?»

ሣር ነጨች። እንደ ጭላዳዎቹ። «ብትሞትብኝ ኖሮስ? ያው ብቻዬን ነበርሁ። አሁን ግን አለህ። እኔ አምባራስ ተቀምጬ አንተ ዳባት ውስጥ ጠመኔ በጠመኔ ሆነህ እየተቆጣህ መሆንህን አውቃለሁ። ይበቃኛል።»

«ካልፈቀድሁስ?»

«እመለሳለሁ። ምሳህን እሠራለሁ፤ እንደ ድሮው እንኖራለን። ስለቴን በልቼ ነው የምኖረው። ቅጣቱ በእኔ ቢመጣ ግድ የለኝም።» ጸጉሬን በእጇ ነካችው። «ባንተ ቢመጣስ?»

ለእኔ አይበቃኝም ልላት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

«ነፋሱ በረታ፣ እንነሣ» አልኋት።

ጥር 5

ከያርጋል አማት ቤት። ስንሰናበት አገርነሽ ጉልበታቸው ላይ ወድቃ፣ «የበደልሁ ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው፣ «ኧረ ልጄ! ትናንት ማታ ገብተሽ መቼ በደልሽን? እንቅልፍሽ እንኳ ድምፅ የለው!» አሉ። በደረስንበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ፣ በደረስንበት ቤት ሁሉ እንዲህ ናት። እኔ ነኝ ማረፊያዎቹን የደረደርሁላት። አንድ በአንድ፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ጥር 6

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ተጣድፌ።

አንድ የአምባራስ ገበሬ መንገድ ላይ አገኘን። ያርጋል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «ስንመለስ አንዷ በቅሎ ባዶዋን ናት፤ ደባርቅ የሚወርድ ገብስ ካለህ ጫን» ሲለው ሰማሁ። ዞሬ ሄድሁበት።

«ለመልሱ ሁለት ነው የተነጋገርነው።»

ያርጋል ዓይኑን መጨፈን ረሳ። «ጌታው… እሜቴ ናቸው እኮ፣ ያኔ ኅዳር ላይ የነገሩኝ። ለእኔ መመለሻ አትያዝልኝ አሉኝ። መምህር ያውቃል ብለውኝ…»

ገበሬው ያየኛል። አገርነሽ ከፊት በቅሎዋ ላይ ናት፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፤ አልዞረችም።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አልሁት። «ዘንግቼው ነው።»

ለምን እንዲህ አልሁ? አላውቅም ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? ገበሬው እንዳይታዘበኝ? እሷ እንዳትዋረድ? ለማን ብዬ ነው? ያርጋል ወዲያው ቀለል ብሎት ማፏጨት ጀመረ።

ጥር 7፣ አምባራስ

ባልቴት የተባሉት ታንጉት እማሆይ ናቸው። ቆብ ደፍተው፣ የነጠላቸው ቢጫ ፀሐይ በልቶት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ደጃፍ ቆመው ተቀበሉን። ቤቲቱ አንድ በር አላት፤ ሁለት የእንጨት አልጋ። በአንደኛው ላይ ምንም አልተነጠፈም።

«መምህር፣ እርስዎ ከቄሱ ቤት ነው የሚያድሩት» አሉኝ። «እዚህ ወንድ አያድርም።»

«አውቃለሁ» አልሁ። ከትናንት ጀምሮ ሁሉንም አውቃለሁ እያልሁ ነው።

ጥር 8

ይህን የምጽፈው ሳንቃ በር ሲቃረብ ነው። ያርጋል በቅሎዎቹን ያጠጣል።

ጠዋት ውርጩ ሳይቀልጥ ጠሩኝ። እማሆይ ታንጉትና ቄሱ ተቀምጠዋል፤ አባ ገብረ ክርስቶስ አስቀድመው ልከውባቸዋል። አገርነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ናት። ያ ባዶ የነበረው አልጋ ተነጥፏል፤ የእኛን ቤት አንሶላ አወቅሁት።

«እንግዲህ መምህር፣ ካፍዎ እንስማ» አሉ እማሆይ።

ዝም አልሁ። አንድም ሰው አላጣደፈኝም። የሚገርመው እሱ ነው፤ መላውን ሳምንት ዝግ ማለት የምሻው እኔ ነበርሁ፣ አሁን አንድ ሰው እንኳ ቶሎ በል ቢለኝ ተቆጥቼ እወጣ ነበር። እማሆይ እጃቸውን እሳቱ ላይ አሞቁ። ቄሱ አሳላቸው። ብተወው ዝምታዬ ብቻውን ይመልሳት ነበር፤ እስከ ደባርቅ፣ እስከ ዳባት፣ እስከ መደቡ ድረስ። ገብሱን ገበሬው በሌላ ያወርደዋል።

አገርነሽ ዓይኔን አላየችም። ጸጉሬን ነበር የምታየው።

ተናገርሁ። አጭር ቃል ናት።

ቄሱ አማተቡ። አገርነሽ ተነሥታ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ እንደምታደርገው፣ ግራውን ወደ ላይ። «መንገድ ላይ እንዳትቸኩል» አለችኝ።

ወጣሁ። ያርጋል ሁለተኛዋ በቅሎ ላይ የገብሱን ጆንያ እያጠበቀ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንሂድ፣ ጌታው?»

«ቀስ ብለን» አልሁት።

ከኋላዬ በሩ ተዘጋ።